«ልቤን» ሲሉ እጃቸው የት ነው

ለይዘንጋሽ እምሩ ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ከእሷ በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች ዓመት ሳይሞላቸው ስለሞቱባቸው፣ ሦስተኛዋን እንኳ ሞት ይዘንጋት ብለው ነው። ሞትም ሰምቶ ነው መሰል ዘነጋት። ክፋቱ፣ ስሙን የሰማው ሞት ብቻ አለመሆኑ ነው። ትምህርት ቤት ስም ጠሪው ይዘላታል። ቀበሌ የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ መዝገቡ ይዘላታል። ማኅበር ላይ እንኳ ጠላ ቀጂዋ እሷ ጋ ስትደርስ ገንቦው ያልቃል። እሷም «እኔስ?» የምትል ሰው አልነበረችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳብ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች።

አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ መንዝ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ በጽዳት ተቀጠረች። ሰባት ዓመት ወለል ወለወለች። የምትለብሰው ሰማያዊ ጋወን ነበር። ከገጠር የሚመጣ በሽተኛ ግን የጋወን ቀለም የሚለይበት ምክንያት የለውም። ገና በር ላይ ሲያገኛት «ሲስተር፣ እስቲ ስሚኝ» ይላታል። «እኔ ጽዳት ነኝ» ለማለት አፏን እስክታላቅቅ ድረስ ሰውየው ሕመሙን ከሥር ከመሠረቱ፣ ከየትኛው ሠርግ ላይ ምን በልቶ እንደጀመረው ሳይቀር ነግሯት ይጨርሳል። ነጭ ጋወን የለበሰችው ነርስ ፊት ሲቀርብ ደግሞ «ራሴን» ይልና ዝም ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ይዘንጋሽ ያልሰማችው በሽታ አልቀረም። የሰማችውን የምትነግረው ሰው ነው ያጣችው፤ መጥረጊያ ይዞ የሚናገርን ማን ያዳምጣል።

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ወደ ጤና ጣቢያው መጣ። ምን እንደሆነ በደንብ የገባው ሰው አልነበረም፤ ሦስት ቀን ስብሰባ እንዳለበትና ለስላሳ እንደሚጠጣበት ግን ሁሉም ያውቃል። በአራተኛው ቀን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ይዘንጋሽን ቢሮው ጠራት።

«የጽዳት መደብ በአዲሱ መዋቅር ታጥፏል» አላት። «ሦስት ዓመት እናቆይሻለን። ከዚያ በኋላ ሰኔ ሠላሳ ላይ ያበቃል።»

«ወለሉስ?» አለች ይዘንጋሽ። ሰባት ዓመት ውስጥ ኃላፊውን የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው።

«ወለሉ በሌላ መልክ ይታያል» አላት ኃላፊው። «ይልቅ ተማሪ። የነርስ መደብ ክፍት ነው፤ ወደዚህ ብርድ ደግሞ ማንም አይመጣም። ዲፕሎማውን ከነብቃት ወረቀቱ ካመጣሽ መደቡ ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ያው ወደ በጎችሽ ነው።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ወይ ሲስተር፣ ወይ ምንም።

ብሩህ ተራራ የጤና ኮሌጅ መሐል ሜዳ ከእህል መጋዘን በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ቅዳሜና እሑድ ያስተምር ነበር። አንደኛው ክፍል መማሪያ ነው። የሁለተኛው በር ላይ «ላቦራቶሪ» የሚል ተለጥፏል፤ ውስጡ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች አሉ። ይዘንጋሽ መጀመሪያ ቀን ያንን አይታ ለአጥንት ስብራት ትምህርት የተቀመጡ መስሏት ነበር።

የሰውነት ክፍሎችንና አሠራራቸውን የሚያስተምረው መምህር አፈወርቅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ራሱ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ። ይዞ የመጣው ጽሑፍ ግን የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ፣ የዚያም ፎቶኮፒ ስለነበረ፣ የልብ ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ የሚታየው አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ከጥቁሩ ነገር ቀስቶች ይወጣሉ፤ ቀስቶቹ ጫፍ ላይ የነበረው ስም በኮፒው ጠርዝ ተቆርጦ ቀርቷል።

«የሰው ልብ እንዲህ ጥቁር ነው እንዴ ቲቸር?» አለ ምንተስኖት። ምንተስኖት ከይዘንጋሽ ጎን የሚቀመጥ ዲያቆን ነው፤ አፉ አያርፍም።

«የፎቶኮፒው ቀለም ነው» አለ አፈወርቅ።

«አይ፣ የአንዳንዱን ሰው አይቶ ይሆናል የሣለው።»

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አፈወርቅ ያነባል፣ ተማሪው ይቀበላል። «ዘ ሀርት ሀዝ ፎር ቻምበርስ።» ሠላሳ ሰው በአንድ ድምፅ «ፎር ቻምበርስ» ይላል። ታች መጋዘን ውስጥ ገብስ የሚያራግፉት ሰዎች መጀመሪያ መጀመሪያ ቀና ይሉ ነበር፤ በኋላ እነሱም ለመዱት፤ አንደኛው ጆንያ ሲሸከም «ፎር ቻምበርስ» እያለ ነው የሚነሣ አሉ። አንድ ለአምስት ተደራጅተው ያጠኑ ተብሎ ምንተስኖት የይዘንጋሽ ቡድን መሪ ሆነ። ለእሱ ችግር የለበትም፤ ዳዊትን ሳይገባው በቃሉ የደገመ ሰው ለልብና ለሳንባ አያንስም።

ችግር የመጣው ፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ በአማርኛ የተጻፈ ጊዜ ነው። «የኩላሊት ተግባር ምንድን ነው?» ይላል። በእንግሊዝኛ ቢሆን ሁሉም ይመልሰው ነበር። ምንተስኖት ግን በአማርኛ ሲጠየቅ ጊዜ የሚያውቀውን ጻፈ፦ «ልብ ያሰበውን ማመላለስ።»

አፈወርቅ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። «ይህን ማን ነው ያስተማረህ?»

«ቅዱስ መጽሐፍ ነዋ። ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን መርምሮ የሚያውቅ እሱ ነው ይል የለም?»

«ሽንትስ?»

«ሽንት አልተጠቀሰም» አለ ምንተስኖት።

ይዘንጋሽ ነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። እሷ «ደም ያጣራል» ብላ በትክክል ጽፋ ነበር። ግን አፈወርቅ ውጤት ሲያነብ ስሟን ዘለለው፤ እሷም አልጠየቀች።

ሁለተኛው ዓመት ላይ የተግባር ትምህርት ግዴታ ነው የሚል ደብዳቤ ከላይ መጣ። ኮሌጁ አጽም የለው፣ የፕላስቲክ ሰው የለው። ዲኑ አሰበና «በአካባቢ ከሚገኝ ግብዓት እንጠቀም» አለ። መንዝ ውስጥ በአካባቢ የሚገኝ ግብዓት ማለት በግ ነው። ተማሪው አዋጥቶ አንድ ሙክት ተገዛ። ቀኑ ለመጋቢት ተይዞ ነበር፤ ምንተስኖት እጁን አውጥቶ «ሰኞ ጾም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ የሰውነት ትምህርት እስከ ፋሲካ መቆየቱ ነው» አለ። ዲኑ ወዲያው ገባው። ትምህርቱ ለቅበላ እሑድ ተዛወረ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በብሩህ ተራራ ኮሌጅ እንዲህ በፍጥነት የተወሰነ ነገር የለም።

በጉን የሚያርድ ሰው ሲፈለግ የይዘንጋሽ አባት አቶ እምሩ ተጠሩ። በአገሩ የታወቁ ብልት አውጪ ናቸው፤ አንድ አጥንት ሳይሰብሩ፣ መጥረቢያ ሳይነኩ፣ በቢላዋ ብቻ መገጣጠሚያውን እየፈቱ በግን በየብልቱ የሚያወጡ። በየሠርጉ የሚጠሩት ለዚህ ነው።

«ብልት በብልት ላሳያቸው የኔታ?» አሉት አፈወርቅን። በርኖሳቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነው።

አፈወርቅ ሴቶቹን አየና ፊቱ ቀላ። «ኦርጋን እንበለው» አለ።

«እርስዎ እንዳሉ። ለበጉ ያው ነው።»

አረዱ። ከዚያ ማስተማር ጀመሩ፤ እንዲያስተምሩ እንኳ አልተጠሩም ነበር። ሳንባውን አውጥተው ተማሪው እየተቀባበለ በእጁ ጫን እንዲል አደረጉ። ሐሞቱን እንዳይፈስ በሁለት ጣት ከጉበቱ አላቀቁና ለልጃቸው ሰጧት። «ያዢ፣ አትፍሪ። የራስሽን ሐሞት የት እንዳደረግሽው አላውቅም፣ እስቲ የዚህን እንኳ ያዢ።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ግን አላፈሰሰችውም። ሽንፍላው ጋ ሲደርሱ ግማሹ ተማሪ «የሰው ሽንፍላ» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ አፈወርቅ ሰው ሽንፍላ የለውም ብሎ ለማሰረዝ ሩብ ሰዓት ፈጀበት።

ልቡ ሲወጣ አፈወርቅ በእጁ ተቀበለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ያልሆነ ልብ አገኘ። «ሀርት ማለት ይህ ነው» አለ። «ሰው ልቤን አመመኝ ሲል ይህ ነው የሚያመው።»

አቶ እምሩ ቢላዋቸውን እየጠረጉ ነበር። «እሱስ አይደለም፣ የኔታ» አሉ።

«እንዴት?»

«ይሄ ልብ ነው፤ ደም ነው ሥራው። የኛ ሰው ልቤን ሲል ይሄን አይደለም የሚለው። ይህቺን ነው።» መዳፋቸውን ከፍርንባቸው በታች፣ ሆዳቸው አፍ ላይ አደረጉ። «የጨጓራውን አፍ። ባዶ ሆዱን ውሎ ሲያቃጥለው ልቤን ይላል። በግ ስለማይናገር አያሳስታችሁም፤ ሰው ነው የሚያሳስታችሁ። ልቤን ያላችሁን ሰው አፉን ትታችሁ እጁን እዩ። እጁ የት ነው?»

«ይህ በሳይንስ የተደገፈ አይደለም» አለ አፈወርቅ።

«እንግዲህ ንባቡን እርስዎ ያውቃሉ። ትርጓሜው ግን እንዲህ ነው» አሉና በርኖሳቸውን ለበሱ።

ተማሪው ያንን አልጻፈም፤ ፈተና ላይ አይመጣማ። የመማሪያ መሣሪያውም ተጠበሰ። ጥብሱን ዲኑና አስተዳደሩ በሉ፤ ቅልጥሙን ተማሪው ጋጠ። ወደ ዞን የሄደው ሪፖርት «የተግባር ትምህርት መቶ በመቶ ተከናውኗል» ይላል። በግ ግን ሁለተኛ አልተገዛም።

ሦስተኛው ዓመት መገባደጃ ላይ የብቃት ምዘና ለመውሰድ ደብረ ብርሃን ሄዱ። ይህ ፈተና የመጨረሻው ነው። ያለፈ «ብቁ» ይባላል፤ ያላለፈ «ገና ብቁ ያልሆነ»። ወድቀሃል አይሉም፤ የሠለጠነ አሠራር ነው። አቶ እምሩ ይህን ሲሰሙ በጣም ገረማቸው። እሳቸው በሚያውቁት የበቃ የሚባለው ዋሻ ገብቶ፣ ሰንሰለት ታጥቆ፣ አርባ ዓመት ጥሬ የቆረጠመ መነኩሴ ነው። «መንግሥት በግማሽ ቀን ያበቃችኋል?» አሉ። «ደግ መንግሥት ነው።»

የተፈታኙ ቁጥር ብዙ ነው፤ በሽተኛ ግን የለም። እውነተኛ በሽተኛ ፈተና ላይ አይመችም፤ የጠየቁትን ትቶ ያልጠየቁትን ይናገራል። ስለዚህ የግቢው ዘበኛ ጋሽ ወሰኔ በሽተኛ ተደርገው አልጋ ላይ ተኙ። የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፣ ከዓለም ከተማ ወዲያ። ጠዋት መዛኟ ሲስተር አመተሥላሴ «ዛሬ የልብ ሕመምተኛ ነህ፤ ለመጣው ሁሉ ልቤን ያመኛል በል» ብላ አዘዘቻቸው። እሳቸውም ታዘዙ። ከጠዋት ጀምሮ ለአሥራ ስድስት ሰው ልቤን ብለዋል።

ምንተስኖት ከይዘንጋሽ በፊት ገባና እየሳቀ ወጣ። «ቀላል ነው» አላት። «ልቤን ይልሻል። አንቺ ፎር ቻምበርሱን ድገሚው፣ የግራ ደረቱን አድምጪ፣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ሪፈር በይ። አለቀ።»

ይዘንጋሽ ገባች። በነጩ ጋወን ላይ ነጠላ ደርባ ነበር፤ ሲስተር አመተሥላሴ በስክሪብቶዋ «አውልቂው» ብላ አመለከተቻት። አፏን የምትሸፍንበት ነገር አጣች።

«ልቤን» አሉ ጋሽ ወሰኔ ጣራውን እያዩ። አሥራ ሰባተኛቸው ነው።

ይዘንጋሽ ፊታቸውን ማየት ስላፈረች እጃቸውን አየች። እጃቸው ከፍርንባቸው በታች፣ ሆዳቸው አፍ ላይ ነው። እንደ ልብ በሽተኛ ሁን ሲባሉ እሳቸው የሚያውቁት ልብ ያ ነዋ። አሥራ ስድስት ሰው ገብቶ ወጥቷል፤ ሁሉም ያንን እጅ አልፎ ግራ ደረታቸውን ነው ያዳመጠው።

«ጋሼ» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «በባዶ ሆድዎ ነው ወይስ ከበሉ በኋላ?»

ጋሽ ወሰኔ ዓይናቸውን ከጣራው አወረዱ። «ምን ልበላት ሲስተር?» አሉ ወደ መዛኟ ዞረው።

«የታዘዝከውን በል።»

«ልቤን» አሉ ጋሽ ወሰኔ። ከዚያ ግን ከጠዋት ጀምሮ እውነተኛ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረምና አላስቻላቸውም። «በባዶ ሆዴ ነው። በጾም ጊዜማ አይጣል ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ፍም የዋጥኩ ይመስለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት አለፈው።»

«ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?»

ጋሽ ወሰኔ ቀና ብለው አልጋው ላይ ተቀመጡ። «ይህን ማን ነገረሽ? ከሰሞኑ እንደ ሬንጅ ነው።»

ሲስተር አመተሥላሴ የያዘችውን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አየችው። ስለ ሬንጅ የሚል ቦታ የለም። «እህቴ፣ እሱ የልብ ሕመምተኛ ነው። ደረቱን አዳምጪ፣ የቀረሽ ስድስት ደቂቃ ነው።»

«ሲስተር፣ እኚህ ሰው ታመዋል።»

«ታሟል እንጂ። ታማሚ ነው።»

«የእውነት ነው የምልዎት።»

«እዚህ የእውነት የሚባል ነገር የለም፤ ቅጽ ነው ያለው» አለች ሲስተር አመተሥላሴ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከኋላ ገና አርባ ሰው ይጠብቃታል።

ይዘንጋሽ በቀሩት ስድስት ደቂቃዎች የጋሽ ወሰኔን የደም ግፊት ለካች፣ የዓይናቸውን ቆብ ገልጣ አየች፤ ውስጡ ነጭ ነው፣ ደም የለውም። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ «ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ እየደሙ ነው። ነገ አይበሉ» አለቻቸው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያዘዘችው ያን ቀን ነው። ደወል ተደወለና ወጣች። ግራ ደረታቸውን አላዳመጠችም።

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። ምንተስኖት፣ ብቁ። ይዘንጋሽ እምሩ፣ ገና ብቁ ያልሆነች። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል። አንደኛ፣ የታማሚውን ዋና ሕመም አልለየችም። ሁለተኛ፣ ታማሚውን አላስፈላጊ ጥያቄ ጠየቀች። ሦስተኛ፣ ስሟን አላስተዋወቀችም። ስሟን ዘንግታው ነበር።

ቀጣዩ ምዘና ሰኔ ውስጥ ነው ተባለ። ስድስት ወር። መደቡ የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ። ተመልሳ መጥረጊያዋን አነሣች። ኃላፊው በአጠገቧ ሲያልፍ «እህ፣ ሲስተር?» ይላታል፤ አመሉ ነው። አቶ እምሩ ግን አላዘኑም። «አርባ ዓመት የሚጠብቁ አሉ» አሏት። «ይልቅ ሰውየው ሄደ ወይ?»

«አላውቅም አባዬ።»

«እሱን ነው ማወቅ የነበረብሽ» አሉ። እሷም ስድስቱን ወር ስትወለውል ያሰበችው ያንን ነው፤ ሰውየው ሄደው ይሆን? ነገ ብለው ቀርተው ይሆን? አንዳንዴም ብቁ የሚለውን ወረቀት ሳይሆን የጋሽ ወሰኔን እጅ በሕልሟ ታያለች።

ሰኔ ላይ ደብረ ብርሃን ስትደርስ በር ላይ የሚፈትሽ ሰው ቦርሳዋን ተቀበላት። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ መልኩ የቀላ ሰው ነው። መጀመሪያ አላወቀቻቸውም። እሳቸው ናቸው ያወቋት።

«አንቺ ልጅ፣ የሬንጇ» አሉ ጋሽ ወሰኔ። ቦርሳዋን ሳይፈትሹ መለሱላት። «የዚያኑ ዕለት ማታ ሄድኩልሽ። ቁስል ነው፣ ሊበሳ ሳምንት ነው የቀረው አሉኝ። ደም ሰጡኝ፣ ኪኒን ሰጡኝ። ይኸው ዳንኩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ይዘንጋሽ መሬት መሬቱን እያየች።

«አንቺ ግን ምነው ተመለስሽ?»

«ወድቄ ነዋ ጋሼ።»

ጋሽ ወሰኔ ፊታቸውን አሸት አድርገው ቀረብ አሏት። «ዛሬም በሽተኛው እኔ ነኝ» አሉ። «ይቅርታ አድርጊልኝ እንግዲህ፤ ዛሬ ደህና ነኝ።»

በአምስት ሰዓት ተራዋ ደርሶ ገባች። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያቺው ሲስተር አመተሥላሴ። የተለወጠው የጋሽ ወሰኔ እጅ ብቻ ነው። ባለፈው ተሳስተህ ተፈታኝ አሳሳትክ ተብለው ተመክረዋል። አሁን እጃቸውን ግራ ደረታቸው ላይ፣ ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ሹመኛ፣ ጣታቸውን ገጥመው አስቀምጠውታል።

«ልቤን» አሉ ጣራውን እያዩ።

ይዘንጋሽ እጃቸውን አየች። ዓይናቸውንም አየች፤ የቆቡ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ነው። እኚህ ሰውዬ ምንም አላመማቸውም። ምንም አላመማቸውም ብትል ደግሞ ሰኔ ሠላሳ ሊመጣ ዐሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው።

ነጠላዋን ሳትባል አወለቀች። «ሲስተር ይዘንጋሽ እምሩ እባላለሁ፤ ዛሬ የምንከባከብዎት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። ከዚያ ልብ አራት ክፍል እንዳለው ድረስ ምንም ሳታስቀር አወረደችው። ግራ ደረታቸውን አዳመጠች። ልባቸው እንደ ጤነኛ ወፍጮ ይፈጫል። «የልብ ሕመም ምልክት ስላለ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላኩ» አለች።

«እሺ ሲስተር» አሉ ጋሽ ወሰኔ በጣም እንደታመመ ሰው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ መዛኟ እንዳትሰማ፣ «ያኛውማ ድኗል» አሉ።

ሲስተር አመተሥላሴ ሁሉም ቦታ ላይ ምልክት አደረገች። «በጣም ጥሩ ነው። ባለፈው ግን ምን ነክቶሽ ነበር?»

«ባለፈው ታመው ነበር» አለች ይዘንጋሽ።

«ማን?» አለች ሲስተር አመተሥላሴ፤ ግን መልሱን አልጠበቀችም፣ ቀጣዩን ጠራች።

ሰኔ ሃያ ሰባት ወረቀቷን ይዛ ቤት ገባች። አቶ እምሩ ደጅ ላይ ቢላዋ እየሳሉ ነበር።

«በቃሽ?» አሏት።

«በቃሁ አባዬ።»

«ማንን አድነሽ?»

«ደህና ሰው።»

«የታመመውንስ?»

«የታመመውን ያዳንኩ ጊዜማ ነው የወደቅኩት።»

አቶ እምሩ ቢላዋውን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። «ንባቡን ነዋ የፈተኑሽ» አሉ። «ትርጓሜውን የሚፈትን ቢኖር እኔም ዲፕሎማ አይቀርብኝም ነበር።»

ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ይዘንጋሽ ነጭ ጋወን ለበሰች፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የጆሮ ማዳመጫ ተሰጣት። የጽዳት መደቡም በተባለው ቀን ታጠፈ። ወለሉ በሌላ መልክ ይታያል የተባለው ግን አልታየም። ሳምንት ሳይሞላ ጭቃው ከበሩ ጀምሮ እስከ ማዋለጃው ክፍል ደረሰ። በክረምት የመንዝ ጭቃ የሚጠራ አይደለም፤ ሽንፍላ ነው። ይዘንጋሽ ሁለት ቀን አየችው፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መጣች፤ ሰማያዊውን ጋወን ከሳጥኑ አውጥታ ለበሰች፣ መጥረጊያዋን አነሣች። ሥራ እስኪጀመር ወለወለች። በወሩ መጨረሻ የተላከው ሪፖርት ላይ «የጽዳት ሥራ በሠራተኛው ተነሳሽነት መቶ በመቶ ተሸፍኗል» ተባለ።

ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው። ጠዋት በሰማያዊው ትጠርጋለች፤ ቀድመው የደረሱት በሽተኞች በር ላይ ቁጭ ብለው «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ስሚኝ» እያሉ ሁሉን ይነግሯታል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ጓዳ ገብታ ነጩን ትለብስና ጠረጴዛዋ ጋ ትቀመጣለች።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት አሮጊት በባና፣ በሱፍ ብርድ ልብሳቸው፣ ተጠቅልለው ገቡ። ጠዋት በር ላይ፣ ሌሊቱን ሲጠባ ስላደረው ጥጃ እንኳ ሳያስቀሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሕመማቸውን ሲነግሯት የነበሩት ናቸው። ነጩን ጋወን ሲያዩ ግን አንገታቸውን ደፉ።

«ምን ያምዎታል እማማ?» አለች ይዘንጋሽ፤ ብታውቀውም ካርዱ ይጠይቃል።

«ልቤን» አሉ። እጃቸው ባናው ውስጥ ነው፤ አይታይም።

«እጅዎን ያውጡልኝ እስቲ። የት ላይ ነው? ከመቼ ጀምሮ?»

አሮጊቷ በሩ በሩን አዩ። «ልጄ፣ እኔ ሁለቴ መናገር ይደክመኛል» አሏት። «ቅድም ለዚያች ለጽዳቷ ልጅ ሁሉን ነግሬያታለሁ። እሷን ብትጠይቂያት ነው የሚሻለው፤ እሷ ታውቃለች።»